ዘግይቶ ስለተመዘገበብሽ ዲፎልት

ለንደን፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቋ መቼም ሁለተኛ ደረጃ ሳትገባ አልቀረችም። ይህን ያህል ዘመን ስንጠፋፋ አንድም ቀን ከልቤ ወጥተሽ አታውቂም። እናቴ ካረፈች በኋላ ከሰው ጋር ማውራት ከብዶኝ ቆየ፤ አንቺም ሊድስ ከገባሽ ወዲህ በሥራና በልጆች ተወጥረሽ እንደከረምሽ ይገባኛል። ናፍቀሽኛል።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ናፍቆቱ ብቻ አይደለም። እህትሽን የገና ዕለት ቤተ ክርስቲያን አግኝቻት የቤቱን ነገር አጫወተችኝ። ዲፖዚቱን፣ የቤቱን ቅድመ ክፍያ፣ ስንት ዓመት እቁብ እየጣልሽ እንዳጠራቀምሽ አውቃለሁና፣ ድሮ በዘጋሽው ክሬዲት ካርድ የተነሳ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) ተከለከለች ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ስድስት ዓመቱ እስኪያልፍ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ» ማለትሽ ነው። እባክሽ ዝም አትበዪ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚዩኒቲያችን ቢሮ ደብዳቤ በማንበብ አግዛለሁ፤ ያልተከፈተ ፖስታ በፌስታል ሞልተው የሚመጡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ የአንቺን ዓይነት ጉዳይም አይቻለሁ።

እህትሽ እንደነገረችኝ ከሆነ ካርዱን የዘጋሽው በፈረንጆች 2020 የጸደይ ወራት፣ የመጨረሻው ሂሳብ ላይ የሰፈረውን ሁሉ ከፍለሽ ነው። ነገር ግን ሂሳቡ ከወጣበት ቀን አንስቶ አንቺ እስከከፈልሽበት ቀን ድረስ ያለው ወለድ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። እሱ ደብዳቤ ወደ ድሮው ቤት ሄደ። ጥቂት ፓውንድ የነበረው ወለድ በየወሩ የመዘግየት ቅጣት እየተጨመረበት አደገ፤ የዚህ አገር የካርድ ኩባንያዎች አብዛኛውን ጊዜ 12 ፓውንድ ይቀጣሉ። ዲፎልቱ፣ ማለትም ዕዳዋን አልከፈለችም የሚለው ምልክት፣ የተመዘገበው ግን በፈረንጆች ኅዳር 2023 ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ከጎደለ ከሦስት ዓመት በላይ አልፎ!

ጉዳዩ ያለው እዚህ ቀን ላይ ነው። ዲፎልት ከክሬዲት ፋይል (አበዳሪዎች ከሚያዩት የብድር ታሪክ መዝገብ) ላይ የሚወርደው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ዕዳውን ከፈልሽው አልከፈልሽው ቀኑ አይለወጥም። ብትከፍዪ «ተከፍሏል» የሚል ምልክት ይገባበታል፤ ይህም ለአበዳሪ ዓይን ይጠቅማል፤ መስመሩ ግን እዚያው ይቆያል። አበዳሪዎቹ የሚመሩበት ደንብ ደግሞ ዲፎልት የሚመዘገበው ክፍያ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሲዘገይ ነው ይላል፤ ከመመዝገቡ በፊትም ቢያንስ 28 ቀን ቀድመው ማስታወቅ አለባቸው። የክፍያ ስምምነት ካለ ቀኑ ሊዘገይ ይችላል፤ አንቺ ግን ዕዳ መኖሩንም ሳታውቂ በምን ትስማሚ? በደንቡ ቢሆን ኖሮ ዲፎልቱ በ2020 መጨረሻ ገደማ ተመዝግቦ፣ ዘንድሮ በ2026 መጨረሻ ይጠፋ ነበር። አሁን እንደተመዘገበው ግን እስከ ኅዳር 2029 ይከተልሻል። በእነሱ መዘግየት ሦስት ዓመት ቤት አልባ የምትሆኚበት ምክንያት የለም።

እናም እንዲህ እናድርግ። መጀመሪያ የክሬዲት ፋይል ከሚይዙት ከሦስቱ ድርጅቶች፣ ከኤክስፒሪያን፣ ከኢክዊፋክስና ከትራንስዩኒየን፣ ሪፖርትሽን አውጪ። ሕጉ የሚያስገድደው ሪፖርት በነጻ ነው፤ በየወሩ ክፈዪ ወደሚለው አገልግሎት ቢመሩሽ እሺ አትበዪ። አበዳሪዎች ለሦስቱም እኩል ስለማያሳውቁ አንዱን ብቻ ማየት አይበቃም። የመጨረሻው ክፍያ መቼ እንደሆነ፣ መዘግየቱ በየትኛው ወር እንደጀመረ፣ የዲፎልቱ ቀን ስንት እንደሚል ተመልከቺ። ዕዳው ለዕዳ ሰብሳቢ ተሽጦ ከሆነም፣ ገዢው የመጀመሪያውን የዲፎልት ቀን ይዞ መቀጠል እንጂ አዲስ ቀን ማውጣት አይችልም።

ቀጥሎ ለካርዱ ኩባንያ ሁለት ነገር እንጽፋለን። አንደኛው ስለ አንቺ የያዙትን መረጃ በሙሉ እንዲሰጡሽ ነው፦ ካርዱ የተዘጋበትን ቀን፣ የላኳቸውን ሂሳቦች፣ የላኩበትን አድራሻ፣ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ቅጂ። ይህ በነጻ ነው፤ እንደ ደንቡ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው። ሁለተኛው አቤቱታ ነው። ካርዱን ስትዘጊ ቀሪ ወለድ እንደሚመጣ ካልነገሩሽ፣ አዲሱን አድራሻሽንም ያሳወቅሽ ከሆነ፣ ዲፎልቱ ፈጽሞ እንዲነሣ ጠይቂ። ይህን ባይቀበሉ እንኳ ቀኑ መመዝገብ ወደነበረበት ወደ 2020 እንዲመለስ በዚያው ደብዳቤ ላይ ጠይቂ። ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይተሽ ጻፊያቸው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው አብሮት እንዳይወድቅ።

መልስ ለመስጠት ስምንት ሳምንት አላቸው። እምቢ ካሉ ወይም ዝም ካሉ በገንዘብ ድርጅቶች ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ወደሚዳኘው ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን እንወስደዋለን፤ እሱም በነጻ ነው። የመጨረሻ መልሳቸው ከደረሰሽ በስድስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለብሽና ደብዳቤው የመጣበትን ቀን ጻፊ። እስከዚያው የክሬዲት ድርጅቶቹ ፋይል ላይ እስከ 200 ቃል የሚደርስ ማብራሪያ የማስገባት መብት አለሽ፤ ሞርጌጅ ሰጪው ፋይልሽን ሲያይ የአንቺንም ቃል እንዲያነብ።

በገንዘብ «ክሬዲት እናጸዳለን» የሚሉ ሰዎች ቢመጡብሽ አንድ ፔኒ አትስጪ። ትክክለኛ ዲፎልትን ማንም ከጊዜው በፊት ሊያጠፋው አይችልም፤ የተሳሳተውን ደግሞ ራስሽ በነጻ ታስተካክዪዋለሽ።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ልንገርሽ። ስንት ዓመት እቁብሽን አንድ ዙር ሳታጓድዪ የጣልሽበት ታማኝነት በዚያ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የለውም፤ ከምሳ ዋጋ የማይበልጥ ወለድ ግን ስምሽን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ባለዕዳ ተባልኩ ብለሽ አንገትሽን አትድፊ። እህትሽም ብትሆን የነገረችኝ ስለምትወድሽ ነውና አትቆጪያት።

ሪፖርቶቹን ስታወጪ በፎቶ ላኪልኝ፤ የካርድና የባንክ ቁጥሮችሽን ግን አስቀድመሽ ሸፍኚያቸው። የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ እኔ አርቅቄ እልክልሻለሁ፣ አንቺ አይተሽ ታርሚዋለሽ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጻ ከሆንሽ እደውላለሁ፤ ስልክሽ ያው የድሮው ነው አይደል?

ባለቤትሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ