ጉዳዩ፦ የፓዝ ቫሪያብልን በቋሚ የድራይቭ ፊደል ስለሚተካው የባክአፕ ሶፍትዌራችሁ የቀረበ ቅሬታ

ለሶፍትዌሩ አምራች ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ፖርተብል (ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ የሚሠራ) የባክአፕ ሶፍትዌራችሁን ገዝቼ በፍላሽ በመያዝ በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ሌሎቹን ትቼ የእናንተን የመረጥኩት የፓዝ ቫሪያብል፣ ማለትም በቋሚ የፋይል አድራሻ ፈንታ የሚጻፍና በየኮምፒውተሩ በትክክለኛው አድራሻ የሚተረጎም ስም፣ ይቀበላል በመባሉ ነው። ዊንዶውስ ለፍላሽ የሚሰጠው ፊደል በየኮምፒውተሩ ስለሚለያይ፣ አንዱ ላይ ኢ የተባለው ፍላሽ ሌላው ላይ ኤፍ ወይም ጂ ሊባል ይችላል፤ በቋሚ ፊደል የተጻፈ የፋይል አድራሻም ፍላሹ ቦታ በለወጠ ቁጥር ይስታል።

የባክአፕ ሥራውን ሳዘጋጅ መነሻውን በ%ዩዘርፕሮፋይል% (የተጠቃሚውን የግል ፎልደር በሚያመለክተው የዊንዶውስ ቫሪያብል) ሥር የሚገኘውን የዶክመንትስ ፎልደር፣ መድረሻውን ደግሞ ሶፍትዌሩ የተነሣበትን ድራይቭ በሚያመለክተው የራሳችሁ ቫሪያብል የተጻፈ «ባክአፕ» የሚባል ፎልደር አደረግሁ፤ ለሳምንታትም ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን እንዳይገለበጡ የምፈልጋቸውን የፋይል ዓይነቶች ለመጨመር ቅንብሩን ከፍቼ፣ መድረሻውን ጨርሶ ሳልነካ፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫንኩ። ሶፍትዌሩ ግን ምንም ሳያስጠነቅቀኝ ቫሪያብሉን አንሥቶ በቦታው በዚያች ሰዓት የነበረውን ፊደል፣ ማለትም ኢን፣ ጻፈበት። ይህን ያወቅሁት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የቅንብር ፋይሉን በኖትፓድ ከፍቼ ሳየው ነው።

በማግሥቱ ሥራውን ያስነሣሁት የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ እዚያ ፍላሼ ኤፍ፣ የባልደረባዬ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ደግሞ ኢ ነበር። በዲስኩ ላይም እንደ አጋጣሚ «ባክአፕ» የሚባል ፎልደር ነበረበት። የመረጥኩት ሚረር የተባለው አሠራር መነሻው ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው የሚያጠፋ በመሆኑ፣ የሰው ፋይል ወደ ሪሳይክል ቢን እንኳ ሳይገባ ተሰርዞ በምትኩ የኮምፒውተሩ ዶክመንትስ ተገለበጠበት፤ መስኮቱም አረንጓዴ ምልክት አሳይቶ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» አለኝ። ባልደረባዬን ምን ብዬ ይቅርታ እንደጠየቅሁ እዚህ መዘርዘሩ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። በሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ባክአፑ በሰዓቱ እንዲነሣ ስትመድቡት በተጠቃሚው ስም ሳይሆን ዊንዶውስ ራሱ በሚጠቀምበት የሲስተም አካውንት ነው የምታስነሡት። በዚህ ጊዜ %ዩዘርፕሮፋይል% የሚያመለክተው የእኔን ፎልደር ሳይሆን በሲስተም32 ውስጥ «ኮንፊግ» ሥር ያለውን «ሲስተምፕሮፋይል» የተባለ ፎልደር በመሆኑ፣ ለቀናት ዜሮ ፋይል እየተገለበጠ ሪፖርቱ ግን ሥራው እንደተሳካ ሲገልጽ ከርሟል። ያንን ሥራ ሚረር አለማድረጌ በጀኝ እንጂ፣ ባዶውን መነሻ ከመድረሻው ጋር ለማመሳሰል ሲል የቀድሞውን ቅጂ በሙሉ ባጠፋው ነበር።

ለመጀመሪያው አቤቱታዬ የሰጣችሁኝ መልስ የድራይቭ ፊደል የሚወስነው ዊንዶውስ ስለሆነ ለፍላሹ በዲስክ ማኔጅመንት ቋሚ ፊደል ልስጠው የሚል ነበር። ይህ ምክር የሚያገለግለው ለራስ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ምደባው የሚቀመጠው በዚያው ኮምፒውተር ላይ እንጂ በፍላሹ ላይ አይደለም፣ ለመቀየርም የአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ይጠይቃል። ፖርተብል ሶፍትዌር የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ቫሪያብሉን እንደተጻፈ እንዲያስቀምጥና የሚተረጉመው ሥራው በሚነሣበት ቅጽበት ብቻ እንዲሆን፣ ፋይል ከመሰረዙ በፊትም የተተረጎመውን ሙሉ አድራሻ ከድራይቩ ስም ጋር አሳይቶ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ፣ መነሻው ባዶ ሲሆን ወይም ቫሪያብሉ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ «ተሳክቷል» ከማለት ይልቅ ሥራውን እንዲያቆም ታስተካክሉት ዘንድ እጠይቃለሁ። ማስተካከያው እስኪወጣ ድረስ ሌሎች ተጠቃሚዎች ሚረርን ከቫሪያብል ጋር እንዳይጠቀሙ በመመሪያችሁ ላይ ማስጠንቀቂያ እንድታወጡ፣ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ እንዲሁም በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡኝ አሳስባለሁ። የቅንብር ፋይሉን ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያለውን ቅጂ፣ የሥራ ሪፖርቶቹንም ጭምር፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሶፍትዌሩ ተጠቃሚ