ትከሻው ላይ አስቀምጦሽ ኳስ ያሳየሽ ሰው

ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ትናንት ሌሊት ውኃ መጥታ ስለነበር በርሜሉም ጄሪካኑም ሞልቷል። ዛሬ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊቱ ፈካ ብሏል።

ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ ግን እኔ እቆጣለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ፣ ልብስ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ እየጻፍኩልሽ ነው።

ከቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ መውጣትሽን ያየሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ምን ሆና ነው ብዬ ወደ ኋላ ተመልሼ አነበብኩት። አጎትሽ «ይብቃ፣ መንግሥትና ፋኖ ተቀምጠው ይነጋገሩ፣ ሰው አለቀ» ብሎ ጻፈ። አንቺ «ባንዳ» አልሽው። እሱ ደግሞ «አዲስ አበባ ማኪያቶ እየጠጡ ጀግና መሆን ቀላል ነው» አለ። ከዚያ ወጣሽ። ሌላው ቤተሰብ በሙሉ ዝም አለ። ዝምታው ከስድቡ ይልቅ ከበደኝ።

መጀመሪያ የእሱን ልበል። ማኪያቶ ያለው ነገር አልተዋጠልኝም፣ ደውዬም ነግሬዋለሁ። አንቺ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተሽ የታክሲ ሰልፍ እንደምትይዢ፣ ከደመወዝሽ ግማሹ ለቤት ኪራይ እንደሚሄድ፣ ከተረፈሽ ደግሞ ለእናትሽ መድኃኒት እንደምትልኪ እኔ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ተናዶ የተናገረው ነው። «ተሳስቻለሁ» ብሎኛል።

አሁን ወደ አንቺ። ባንዳ የሚለው ቃል በዚህ ከተማ ቀላል ቃል አይደለም። ጣሊያን በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ እጅ የሰጠው እዚሁ ጎንደር ነው፣ ኅዳር 18 ቀን 1934። ቀኑን አይተሽ ከሆነ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም በዚያው ቀን ነው። አያትሽ ያንን ዘመን ሲያወሩን ስለ ቦምቡም ስለ ረሃቡም ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር። ባንዳ የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ በሩን ያያሉ። ምክንያቱም ባንዳ ማለት የጎረቤቱን ቤት በሌሊት ለጠላት እየመራ ያሳየ ሰው ነው። አያትሽ ያንን ሰው በመልክ ያውቁት ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ግን ስሙን አልነገሩንም። ልጆቹ እንዳያፍሩ ብለው ነው።

አንቺ ያንን ቃል በእኚሁ በአያትሽ ልጅ ላይ ጻፍሽው። «ታረቁ» ስላለ።

አጎትሽ የሚኖርበትን ደንቢያን አንቺ ካየሽው ቆይተሻል። ስለዚህ እኔ ከሱቄ የማየውን ልንገርሽ። ታስታውሺ እንደሆነ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ደብተር ይዞ ይመጣ ነበር። በየቤቱ እየዞረ የልጆቹን ልክ ይወስዳል፤ ስም፣ ቁመት፣ ወገብ፣ ትከሻ። ከዚያ እኔ ዩኒፎርሙን እሰፋለሁ፣ ለመስከረም ይደርሳል። አንቺም ቁልፍ ትተክዪ ነበር። የመጨረሻውን ደብተር ያመጣው በ2015 ክረምት ነው። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ውጊያውም ከተማችን ድረስ ገባ። ጣቃውን ገዝቼ ነበር። ሰማያዊው ጣቃ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው። ጫፉ በፀሐይ ነጥቷል።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ገለጥኩት። አንዲት ልጅ አለች፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ተብሎ ተጽፏል። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ይኸው ሦስተኛው መስከረም አለፈ፣ የመንደሯ ትምህርት ቤት አልተከፈተም። ነገ ቢከፈት እንኳ ያ ልክ አይሆናትም። አድጋለች። የደብተሩ ልጆች ሁሉ አድገዋል። አጎትሽ በየቀኑ የሚያያቸው እነዚህን ልጆች ነው። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ የራሱ ናቸው። «ይብቃ» ያለው ሰው ይህ ነው።

አባቴ አቋም የለውም እንዳትዪኝ፣ አለኝ። «ሰላም ነው» የሚል ባለሥልጣን ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ እዘጋዋለሁ። ሰላም ከሆነ አጎትሽ ከቆላድባ ጎንደር ለመምጣት ለምን ሦስት ሰው ደውሎ መንገዱን ይጠይቃል? «ለሕዝቡ ብለን ነው» የሚለውንም ታጣቂ አልቀበልም። ለሕዝብ ከሆነ አስተማሪው ለምን ጠመኔውን ጥሎ ይሰደዳል? በመሀል ደግሞ ሰው አግቶ ገንዘብ የሚጠይቀው በዝቷል። እሱ የማንም ወገን አይደለም፣ ሁለቱ ሲዋጉ በተከፈተው ቀዳዳ የገባ ነው። ሁለቱም ወገን ጠመንጃውን አስቀምጦ ይቀመጥ፣ ይህ ነው አቋሜ። በጉልበት ያሸነፈ መንግሥትም በጉልበት የተነሳ አማፂም ይህችን አገር ሲያሳርፋት በዕድሜዬ አላየሁም። አንቺ የተለየ ሐሳብ ሊኖርሽ ይችላል። ይኑርሽ። ያሳደግኩሽ እንድታስቢ ነው። ስታስቢ ግን የሥጋ ዘመድሽን አትርገጪ።

ስለ ኳስ ላውራሽ ደግሞ። ከዚህ ጋር ምን አገናኘው እንደምትዪ አውቃለሁ፣ ታገሺኝ።

ፋሲል ከነማ ገና ታችኛው ሊግ ላይ እያለ ስታዲየም የወሰደሽ እኔ አይደለሁም። እኔ እሑድ እሑድ እንኳ የስፌት መኪናው ላይ ነበርኩ። የወሰደሽ አጎትሽ ነው። ሰው ሲበዛ ትከሻው ላይ ያስቀምጥሻል፣ አንቺ ፀጉሩን ይዘሽ ታያለሽ፣ እሱ ምንም ሳያይ ይመለሳል። እሱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ታዲያ ፈረሰኞቹ እዚህ መጥተው ሲጫወቱ እኛ መሀል ቁጭ ብሎ ነው የሚደግፈው። ዐፄዎቹ ጎል ሲያስቆጥሩ አጠገቡ ያለው ሰው ጀርባውን ይደበድበዋል፣ እሱ ቆሎውን እየቆረጠመ «ዳኛው ነው» ይላል። አንድም ቀን ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ቆሎውን ከጎኑ ላለው ያካፍል ነበራ። ቆሎ ዘግኖ የሰጠሽን ሰው እንዴት ትሰድቢዋለሽ?

በ2011 ዋንጫው ከእጃችን ወጥቶ መቀሌ 70 እንደርታ ሲወስደው እንዴት እንዳለቀስሽ አስታውሳለሁ። እራት አልበላሽም። ያኔ የሰማነው ክፉ ነገር ይህ ነበር፣ ዋንጫ ወደ መቀሌ ሄደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነት መጣ። በ2013 ፋሲል የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን ፒያሳ በጭፈራ ተናወጠ፣ እኔም ጨፍሬያለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ስተኛ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያሸነፉን ልጆች ሊጉ ውስጥ አልነበሩም። የትግራይ ክለቦች ያን ዓመት አልተጫወቱም። ያንን ስሜት ለማንም አልተናገርኩም፣ የደስታ ቀን ስለነበር። በ2017 ወደ ሊጉ ሲመለሱ ስማቸውን በሬዲዮ ሰምቼ እጄን ከመኪናው ላይ አነሳሁ። ደስ አለኝ፣ ከልቤ።

ደግሞ ያን ዋንጫ ስናነሳ ጨዋታውን ማን አየው? ያን ዓመት ሊጉ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ነው የተካሄደው። ከዚያ ወዲህም በተመረጡ ከተሞች ነው። ለቴሌቪዥን ሥርጭት እንዲመች ነው ይላሉ፣ ገንዘቡም ለክለቦቹ ያስፈልጋል፣ ይገባኛል። ግን ስምንት ዓመት የሆነው የጎረቤታችን ልጅ ፋሲል ሊጉን ሲጫወት በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስክሪን ላይ ነው የሚያውቀው። ብሔራዊ ቡድኑም እንዲሁ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያስቆጥሩ፣ ያ «የሜዳችን ጨዋታ» የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን። እንዲህ ያለ ደስታ በሰው አገር ሜዳ ባክኖ ቀረ ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሜዳ ሠርታችሁ ቡድናችንን መልሱልን እላለሁ፣ ለሚሰማኝ ሁሉ። ነገሩ የኳስ ብቻ አይደለም። ስታዲየም ውስጥ ሐኪሙም ሊስትሮውም ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፣ አብሮ ይጮኻል፣ አብሮ ይበሳጫል። ያ ሲቀር ሁሉም በየቤቱ በየስልኩ ቀረ። ስልክ ላይ ደግሞ የሰው ፊት አይታይም።

በረንዳዬ ላይ የሚቀመጡትን ሦስቱን ታውቂያቸዋለሽ። ጡረተኛው ወታደር፣ ባጃጅ የሚነዳው ልጅና መሪጌታ። ከጠዋት እስከ ማታ ፖለቲካ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር የተባለ ጊዜ ሊደባደቡ ነበር። ወታደሩ «ትክክል ነው፣ ጥቁር ገበያው ይሞታል» አለ። ባጃጁ ልጅ ጮኸበት። ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በወሩ ወታደሩ የሱሪውን ዚፕ ሊያስቀይር መጣ። ዋጋውን ነገርኩት። ዚፑም ክሩም ከውጭ ነው የሚመጣው። ዝም አለ፣ ዚፑን በጣቱ ሁለት ጊዜ ከፈተ ዘጋ። ከዚያ ኪሱን ሲዳብስ ባጃጁ ልጅ ቀድሞ ከፈለለት። «አላልኩህም?» አላለውም። ዚፑ እስኪቀየር አብረው ቡና ጠጡ። በማግሥቱ ስለ ነዳጅ ሰልፍ እንደገና ተጣሉ።

እኔ ፖለቲካ የማውቀው እንዲህ ነው ልጄ። ነገ በዚያው በረንዳ ላይ እንደምትገናኙ እያወቃችሁ መጣላት። «ባንዳ» ብለሽ ከግሩፑ ስትወጪ ያጣሁብሽ ይህን ነው። ተከራከሪው። «ጋሼ፣ ተሳስተሃል» በዪው። ምክንያትሽን ደርድሪለት። አጎትሽ ሰሚ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ጥለሽው ግን አትውጪ።

ለጥምቀት ትመጫለሽ ብዬ ነው የማስበው። ከተራ ጥር 10 እሑድ ነው የሚውለው፣ ባይሆን ዓርብ ማታ ፈቃድ ጠይቂ። አጎትሽም መንገድ ከተገኘ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በሚገባው ውኃ ሲሞላ ልጆቹ አይተው አያውቁም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊያመጣቸው ፈርቶ ነው የቀረው። ስትገናኙ ምን እንደምትዪው እኔ አልነግርሽም። ጉልበቱን ልትስሚ ብትጎነበሺ ግን ሳትደርሺ ቀና እንደሚያደርግሽ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ደውዪለት። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው። በቆላድባ ኔትወርክ የሚሻለው ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ደግሞ የሐበሻ ቀሚስሽን ጀምሬዋለሁ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፣ እናትሽ ጥለቱን ራሷ መርጣ ከቅዳሜ ገበያ አምጥታዋለች። ልክሽ ያለኝ ግን የአምናው ነው። ከስታለች ይሉኛል። አንዷ ጓደኛሽ በሜትር ትለካሽና ወገብሽን፣ ደረትሽን፣ ከትከሻ እስከ መሬት ያለውን ጻፊልኝ። አንዱንም በግምት አትሙዪው። ግሩፑ ላይ ብትልኪው ይደርሰኛል፣ መልሼ አስገብቼሻለሁ።

አባትሽ