ለጋሼ፦ ስለምተዳደርበት ጨዋታ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ጋሼ፣ ባለፈው ከእትዬ ጋር በስልክ ስንጨዋወት እርስዎ ከአጠገባቸው ሆነው «ይህ ልጅ እስካሁን በጨዋታ ነው የሚተዳደረው?» ሲሉ ድምፅዎ ተሰምቶኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፍርድ ቤት ደጅ ያልራቁ ነገረ ፈጅ የወንድማቸው ልጅ እንጀራው ምን እንደሆነ ቢጠይቁ የሚያስቀይም ነገር የለውም። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ግን ጊዜ ወስጄ መጻፉን መረጥኩ።

በመጀመሪያ፣ ቁማር አይደለም፤ ገንዘብ የሚያስይዝበት ሰው የለም። አራት ወይም አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪኩን የሚመራና የሚዳኝ ሲሆን፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ፤ አንዱ ነጋድራስ፣ አንዷ መድኃኒት አዋቂ፣ ሌላው ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር ይሆናል። ዳኛው «ወንዙ ሞልቷል፣ ማዶ ደግሞ ሽፍቶች እሳት አንድደዋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲላቸው ይመካከራሉ፣ ይወስናሉ፣ ውጤቱ የሚያጠራጥር ሲሆን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጥላሉ። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ታሪኩ በየሳምንቱ እየቀጠለ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የእኔ ሥራ ለዚህ የሚያገለግለውን መጽሐፍ መጻፍ ነው፤ ደንቡን፣ አገሩን፣ በዚያ አገር የሚኖሩትን ሰዎችና የቆየ ቂማቸውን። እዚያው አገር ውስጥ የሚፈጸሙ ልብ ወለዶችም እጽፋለሁ።

ጨዋታው የተወለደው እኔ በምኖርበት አካባቢ መሆኑን ያወቅሁት ከመጣሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሥሩን የተከተለ ሰው የፕሩሲያ መኮንኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1824 ጀምሮ ይለማመዱበት ወደነበረው የካርታ ላይ ጦርነት ይደርሳል፤ በዚያ ልምምድ ሁለቱ ወገኖች ትእዛዛቸውን ጽፈው ለአንድ ዳኛ ያስረክባሉ፣ የደረሰውንም የሚነግራቸው እርሱ ነው። በ1969 ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የዚህ አካባቢ ሰው ለተጫዋቾቹ ሠራዊት ከማከፋፈል ይልቅ ለእያንዳንዳቸው የራሱ ጉዳይ ያለው አንድ ሰው ሰጣቸው። ከተጫዋቾቹ መካከል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ የነበረው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወስዶ ከሳምንት ሳምንት የሚቀጥል ምናባዊ አገር ፈጠረበት፤ ከዚያም በዊስኮንሲን ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ከሚኖረው ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ደንቡን አዘጋጁት። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ጨዋታ በ1974 መጀመሪያ፣ እኛ ዘንድ የካቲት 66 ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ በእጅ እየተሰናዳ በየሣጥኑ ተከተተ። ጋይጋክስ በዚያን ጊዜ ከኢንሹራንስ ሥራው ተሰናብቶ፣ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ጫማ እየጠገነ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነበር። እትዬ «ያን ሁሉ ተምሮ» እያሉ ሲያዝኑብኝ የምጠቅሰው እርሱን ነው፤ እርሳቸውም «እርሱስ እጁ ሙያ ነበረው» ይሉኛል።

እኔ የጀመርኩት ሌሎች በፈጠሩት አገር ላይ በመጻፍ ነበር። ሥራው በቃል ተቆጥሮ ይከፈላል። የልብ ወለዱም እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድና የፋንታሲ ደራስያን ማኅበር በፈረንጆች ከ2019 ጀምሮ የባለሙያ ክፍያ የሚለው በቃል ከስምንት ሳንቲም የማያንሰውን ነው። አራት ሺህ ቃል ያለው ታሪክ በዚህ ሒሳብ ሦስት መቶ ሃያ ዶላር ያመጣል ማለት ነውና፣ ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል በአስተርጓሚነት መሥራቴን ለምን እንዳልተውኩ ከዚህ ይረዱታል። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ግንብ፣ ብዙ ዘንዶ፣ ብዙ የተቀበረ ወርቅ ጻፍሁ። አልጠላሁትም። ዘንዶ ግን አንድ ጊዜ ከተገደለ በኋላ የሚናገረው ነገር የለውም። ከእኛ ደጋ የተቀዳ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፌ በላክሁ ጊዜ አንድ አሳታሚ «አገሩ ያምራል፤ ሰዎቹ ግን ወሬ ያበዛሉ፣ ሰይፉ ይጨመርበት» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ደግሞ ልቤ ያለው ወሬው ላይ ነበር።

የዚህ አገር ተጫዋች ባላጋራ ሲገጥመው ቀድሞ የሚያስበው ሰይፍ መምዘዝ ነው፤ የለመደው የደንብ መጽሐፍ አብዛኛው ገጹ ስለ ውጊያ ስለሆነ አይፈረድበትም። እርስዎ በልጅነታችን ያወሩልን የነበረው አገር ግን ሌላ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ከመውጣቱ በፊት፣ አያቴን ተከትለው እየሄዱ ዛፍ ሥር ያዩትን ችሎት፣ መንገደኛውን አስቁመው «ዳኘን» የሚሉትን ባለጉዳዮች፣ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ሲጓዙ፣ ተሟጋቹም በትሩን እየወዘወዘ በላ ልበልሃ ሲል የነገሩንን አልረሳሁም። ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሥራዬ ከሌላ ሰው ያልተበደርኩት፣ የራሴ ነው የምለው፣ ይህን ወደ ጨዋታ ደንብ መለወጤ ነው።

በመጽሐፌ ውስጥ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ ዳይስ መጣሉ በዚያው ይቆማል፤ የተነሣው እጅም ይወርዳል። ያንን ጥሶ የመታ ሰው በዚያ አገር ዋስ የሚሆነው አያገኝም፣ ዋስ የሌለው ሰው ደግሞ መበደርም፣ መነገድም፣ ማደሪያ ማግኘትም አይችልም። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ወደ ዳኛው መንገድ ይጀምራሉ። ተጫዋቾች ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ይህን ነው፤ አንድ ሰው ወንድሜን ገደለብኝ ከሚለው ሰው ጋር ወንዝ ይሻገራል፣ አብሮት ይበላል፣ ሌሊት አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል፣ ጅብ ቢመጣ እንኳ የሚሮጡት እኩል ነው። ባለፈው ኅዳር አንዲት ነርስና አንድ የአውቶቡስ ሾፌር በዚህ ደንብ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። የእርሷ ሰው ውሃ ልቅዳ ስትል የእርሱ ሰው ማጎንበስ ነበረበት፤ ሁለቱም ሳይታወቃቸው በወንበራቸው ላይ ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ይነጋገሩ ነበር። ሾፌሩ በጉዞው መካከል፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የሟችን እናት ማን እየጦራት እንደሆነ ጠየቀ። ዳኛው ዘንድ ሲደርሱ ነርሷ የሞት ፍርዱን ትታ ካሣ ጠየቀች። አንድም ሰይፍ አልተመዘዘም፤ ጨዋታው ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ወሰደ።

በላ ልበልሃው ራሱ ብዙ አስቸገረኝ። አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሁልጊዜ የሚረታ ከሆነ ዓይናፋሩ ተጫዋች ተመልካች ሆኖ ይቀራል፤ በዳይስ ይወሰን ቢባል ደግሞ ሙግቱ ሙግት መሆኑ ቀርቶ ዕጣ ይሆናል። መውጫውን ያገኘሁት ከውርርዱ ነው። ተሟጋቹ ለሚናገረው ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ነገር ያስይዛል፤ ከማር ይጀምርና ወደ በግ፣ ወደ በቅሎ፣ ወደ ፈረስ ይወጣል፤ ባላጋራው ያንኑ ያህል ካላስያዘ ነጥቡን ለቀቀ ማለት ነው። ስለዚህ አፉ የማይፈታለት ወጣት እንኳ «በቅሎዬን አስይዤአለሁ» ብሎ ሊረታ ይችላል፤ ያስያዘው በቅሎ ደግሞ ከነገ ወዲያ ለሚጠብቀው መንገድ የግድ የሚያስፈልገው ነውና ሁሉም በቃሉ ይጠነቀቃል። አውጫጭኙንም ለሌብነት ታሪኮች ተጠቅሜበታለሁ፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ቤቱ የማይመለስ ከሆነ፣ ከብቶቹ ሳይታለቡ ሲውሉ ዝም ያለው ሁሉ መናገር ይጀምራል።

እትዬ ስለ ነፍሴ ይሰጋሉ፤ ይህንንም ሳልመልስ አላልፍም። ስጋቱ የእኛ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ በፈረንጆች 1980ዎቹ በዚሁ አገር ጨዋታው ልጆችን ለጥንቆላ ይዳርጋል ብለው ብዙ ወላጆች ተነሥተው ነበር። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ወሰን አለ፤ ታቦት፣ ቅዱሳን፣ ጸበል፣ ሰዎች ዛሬም የሚሳለሙት ነገር ሁሉ ዳይስ አይጣልበትም። ደብረ ዳሞ በገመድ እንደሚወጣ ያየ ደራሲ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልምና ገመዱን ወስጃለሁ፤ ገዳሙን ግን ትቼዋለሁ፤ በእኔ አምባ ላይ በገመድ የሚደረሰው ወደ እህል ጎተራ ነው።

ነገረ ፈጅ ነዎትና አንድ የሚያስደስትዎ ነገር ልንገርዎ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የጨዋታ ደንብ ራሱ የማንም ንብረት አይሆንም፤ ሕጉ የሚጠብቀው ደንቡ የተጻፈበትን አነጋገር ብቻ ነው። ቢሆንም የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በፈረንጆች 2000 ባወጣው፣ ሌሎችም በደንቡ እንዲጠቀሙ በሚያስችል ክፍት ፈቃድ ብዙ ትናንሽ ጸሐፊዎች ተዳድረንበታል። በፈረንጆች 2023 ጃንዋሪ ላይ ያንን ፈቃድ ሊለውጥ ነው ተብሎ ሰነዱ ሲወጣ ትልቅ ጩኸት ተነሣ፤ ወሩ ሳያልቅም ኩባንያው መሠረታዊ ደንቡን ሊሻር በማይችል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሁሉም ለቀቀው። «ሊሻር የማይችል» የሚለውን ሐረግ ሳነብ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ውል ሲያነቡ ጣትዎ የሚያርፈው እንደዚህ ያለው ቦታ ላይ ነበርና።

አሁን ሁለተኛውን እትም እያዘጋጀሁ ነው፤ ሥራ ላስይዝዎ ነው። ውርርዱን የተረታው ሰው ማሩን ለዳኛው ሲያስገባ፣ ረቺው ከዚያ የሚደርሰው ነበረ ወይ? ኩታውን የሚቋጥረው ማን ነው፣ ራሱ ከሳሹ ወይስ የቆመ ሦስተኛ ሰው? ሴት ከሳሽ ስትሆንስ ራሷ ትቆራኝ ነበር ወይስ ወንድሟ ወይም ባሏ ይተካላት ነበር? ያስታወሱትን ለልጆቹ እየነገሩ ያስጽፉልኝ፤ በድምፅ ቀድተው በቴሌግራም ቢልኩልኝም ይደርሰኛል። ነርሷ በተለይ የመጨረሻዋን ጥያቄ መልስ ትጠብቃለች።

የዓይንዎን መድኃኒት ለጥምቀት ከሚመጣ ሰው ጋር ልኬአለሁ። ለእትዬ፣ ለልጆቹና ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ