ስለዚያ ፊልም

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ስ» ማለት አቅቷታል፤ ትልቁ በቁመት በልጦኛል።

ወንድሜ ትናንት ደውሎ ሐኪሙ ማዞሩን «ቨርቲጎ» ብሎታል አለኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ሳቄ መጣ። ስንት ዓመት ያወሩልን ፊልም ስሙን አምጥቶ እርስዎ ላይ ለጠፈው!

ለነገሩ ባለፈው ሳምንት አየሁት። ልጆቹን አስተኝቼ፣ ሻይ ይዤ፣ እርስዎ ሲኒማ ኢትዮጵያ ሦስቴ ገብተው ማየትዎን እያሰብኩ። የሂችኮክ ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1958፤ በ2012 ደግሞ አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ያሰባሰባቸው ሐያሲያን ከዓለም ፊልሞች አንደኛ አድርገውታል። እኔ አልወደድኩትም። ጀምስ ስቱዋርት በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ሴትዮዋን በመኪና ሲከተል፣ ሲከተል፣ ሻዬ ቀዘቀዘ። ምስጢሩንም ሴትየዋ ገና ሳያልቅ በደብዳቤ ትዘረግፈውና መልሳ ትቀደዋለች። (እኔም ይህን ሁለቴ ቀድጄዋለሁ።)

እሁድ ልጆቹን የፊልሙ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ሳን ሁዋን ባውቲስታ ወሰድኳቸው፤ ከሳን ሆዜ ሩቅ አይደለም። እጅዎን ሽቅብ ዘርግተው የሚያሳዩን ያ ረጅም የደወል ማማ የለም፣ አባባ። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀጠለ ነው።

ሰውየው የሞተችበትን ለማግኘት ሌላዋን ፀጉሯን አስቀብቶ፣ ያንኑ ግራጫ ልብስ አሰፍቶ ሲያለብሳት፣ እሷም እሺ ካልኩህ ትወደኛለህ ወይ ስትለው፣ አቆምኩት። የእህቴ ቀሚስ ትዝ አለኝ። ለጥምቀት ከሣጥን ያስወጡት። ወገቡ ስለሰፋኝ እማዬ በመርፌ ቁልፍ ያዘችልኝ። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው «ቁርጥ እሷን!» አሉና ፊትዎን አዞሩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መርፌ ቁልፉ ታቦቱ እስኪገባ ሲወጋኝ ዋለ፤ አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲያ ሹሩባዬም የእሷ ሆነ።

ፊልሙን የጠላሁት ለዚህ ይሁን እንጃ። በእርግጥ ግን ይንቀረፈፋል።

ደረጃውን ብቻዎን አይውጡ። ማታ ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። የግፊቱን መድኃኒት ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡ፤ የላኩት ከዘራ ጫፉ ጎማ ነው፣ አያንሸራትትም፣ ያፈሩበት ይሆናል እንጂ።

ቅዳሜ እደውላለሁ። ባለፈው በእሷ ስም ነው የጠሩኝ፤ መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር ዝም አልኩ። ቅዳሜ ስልኩን ሲያነሱ የኔን ይጥሩልኝ።

ልጅዎ