6174 ላይ የሚያልቅ ጨዋታ

ሰላም ለሁላችሁ! የዚህ ሳምንት ጨዋታ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ምረጡ፤ አራቱም አሃዞች አንድ ዓይነት አይሁኑ እንጂ የፈለጋችሁት ይሆናል። አሃዞቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ፣ ከዚያ ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ የሚሰጡትን ቁጥር ቀንሱ፣ በውጤቱም ላይ ያንኑ ድገሙ። በ5831 ብንጀምር 8531 ሲቀነስ 1358፣ 7173 ይሆናል። ቀጥሎ 6354፣ 3087፣ 8352፣ ከዚያ 6174። እዚህ ከገባችሁ መውጫ የለም፤ 7641 ሲቀነስ 1467 ራሱ 6174 ነዋ! የትኛውም ቁጥር ቢበዛ በ7 ዙር እዚሁ ይወድቃል። ነገሩን ያገኘው ካፕሬካር የሚባል የህንድ መምህር ነው።

ዜሮ ሲመጣ አትጣሉት፣ 0378 ብላችሁ ጻፉት፤ አለዚያ ሁሉም ይበላሻል።

በሦስት አሃዝ ከሞከራችሁት ማረፊያው 495 ነው። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ባለ ሁለት አሃዙ ነው፤ ጭራሽ አይረጋም፣ 09፣ 81፣ 63፣ 27፣ 45 እያለ ተመልሶ 09 ላይ ይመጣና ሲሽከረከር ይኖራል።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ፦ በመንገድ ላይ የሚወጡት ልዩነቶች ሁሉ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ለምን? የገባችሁ ቶሎ አትናገሩ፣ ሌላውም ይሞክር። መልሱን እሁድ ላኩ።