የጀማ ገደል ንጣፎች ይለኩ

ስለ ሰሜን ሸዋ ጥንታዊ ድንጋዮች ባወጣችሁት ጽሑፍ የንጣፎቹ ዕድሜ የሚታወቀው በቅሪተ አካል ብቻ እንደሆነ ተገልጿል። ቅሪተ አካል ዘመኑን ይጠቁማል፤ ንጣፉ ተጠራቅሞ እስኪያልቅ ስንት ሺህ ዓመት እንደፈጀ ግን አይነግረንም። ይህን የሚነግረን የምድር ምህዋር ነው።

የምድር ዘንግ ዝንባሌ በ41 ሺህ፣ የዘንጉ ዙረት (እንደሚሽከረከር እንዝርት አቅጣጫውን ቀስ እያለ መቀየሩ) በ20 ሺህ ዓመት ገደማ፣ የምህዋሯ ቅርጽ ደግሞ በ100 ሺህና በ405 ሺህ ዓመት ይለዋወጣል። የፀሐይ ሙቀት ስርጭት አብሮ ስለሚቀያየር በባሕር ወለል የሚዘቅጠው ደለል አንዴ ኖራ፣ አንዴ ጭቃ ይበዛዋል። የ405 ሺሁ ዑደት በቬኑስና በጁፒተር ስበት የሚመራና እጅግ የተረጋጋ ስለሆነ እንደ ሰዓት ያገለግላል።

ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ስንወርድ፣ የጀማ ወንዝ ድልድይ ሳንደርስ፣ በጥንት ባሕር ወለል የተጠራቀመው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ከጭቃማው ጋር ተፈራርቆ እናየዋለን፤ ጠንካራው አፍጥጦ ወጥቷል፣ ለስላሳውን ዝናብ ቦርቡሮታል። ከአናቱ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዕድሜው በውስጡ በተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ቢለካም አይበቃም፤ በእሱና በጁራሲኩ (በዳይኖሰሮች ዘመን በተጠራቀመው) ኖራ መካከል ብዙ ሚሊዮን ዓመት ጎድሏል። መፈራረቁ ሁሉ የምህዋር ሥራ ነው አልልም። ቀጫጭኖቹ ንጣፎች አምስት አምስት ሆነው ከተቧደኑ ግን 20 ሺሁና 100 ሺሁ ዑደት ስለመሆናቸው ጠንካራ ፍንጭ ነው።

ስለዚህ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በበጋ ወደ ጀማ ልኮ፣ መንገዱ ዳር ያለውን ገደል በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ያስለካ፤ ናሙናውንም ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጥ።