ያ ውሃ ለጦርነት የተቆፈረ አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ እንግሊዝ የድሮ ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በውሃ ከተከበበው ቤት ፎቶ ሥር «ጠላት እንዳይደፍረው በውሃ የታጠረ ምሽግ» ብላችኋል። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ኬንት ውስጥ ሴቨንኦክስ ከምትባለው ከተማ አቅራቢያ ያለው አይተም ሞት ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ። ሞት የሚለው በድሮ እንግሊዝኛ ቤት ዙሪያ የተቆፈረ ባለውሃ ጉድባ ነው፤ የለም፣ የሸንጎ ቦታ ማለት ነው የሚሉም አሉ። ለማንኛውም የመጀመሪያ ቀን «ልጆቹን ይዤ ሞት ደርሼ መጣሁ» ስላት እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ስልኩን ልትዘጋብኝ ነበር።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ቤቱ የተሠራው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። መሐሉ ግቢ፣ ዙሪያው ድንጋይና እንጨት፣ ውሃው ግድግዳው ሥር ድረስ ይመጣል። አሁን አቀማመጡን እዩት። ሸለቆ ውስጥ ተወሽቋል፣ አጠገቡ ዳገት ነው። ቀስት የያዘ ሰው ከላይ ቆሞ ግቢውን ቁልቁል ያየዋል። ምሽግ የሚፈልግ ሰው እኛ አገር አምባ ላይ ይወጣል እንጂ ሸለቆ ውስጥ አይገባም፤ እንግሊዝም ቢሆን ያው ነው።

እንዲህ በውሃ የተከበቡ የባላባት ቤቶች፣ ፍርስራሹም ባዶ ጉድባውም ተቆጥሮ፣ እንግሊዝ ውስጥ 6,000 ገደማ ይታወቃሉ። አብዛኞቹ የተቆፈሩት ከ1250 እስከ 1350 ባለው መቶ ዓመት ነው። በብዛት ያሉት ደግሞ ውጊያ ባልተለየው የስኮትላንድ ድንበር ሳይሆን ኤሴክስንና ሰፎክን በመሳሰሉ የእህል አገሮች ነው። ለምን? ያን ጊዜ ሕዝቡ በዝቷል፣ የእህል ዋጋ ጨምሯል፣ ጫካ እየተመነጠረ ይታረሳል። መሬቱን፣ ጭሰኛውን፣ ወፍጮውንና ችሎቱን አንድ ላይ የያዘው ባላባት (የእኛን ጉልት ብታስቡ ብዙም አትሳሳቱም) እጁ ላይ ገንዘብ ገባ። የንጉሡ ግንብ በውሃ ከተከበበ የእኔስ ቤት ምን አነሰው አለ። እሱን ያየ ደህና ገበሬም ተከተለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ሜትር የብረት በር የሚያሠራ ሰው ሌባ ፈርቶ ብቻ ነው እንዴ? ሌባውንም ይፈራል፣ ግን አላፊ አግዳሚው «ይሄ የማነው?» እንዲልለትም ይፈልጋል። ነገሩ እንዲያ ነው።

በዚያ ላይ ጥቅም ነበረው። እነዚህ ቤቶች በብዛት ያሉበት አካባቢ ውሃ የማያሰርግ ዋልካ መሬት ነው። ጉድባውን ቆፍረህ አፈሩን መሐል ላይ ብትከምረው ቤትህ ከረግረጉ ከፍ ይላል፣ ውሃውም ይጠራቀምልሃል። ከብት ይጠጣዋል፣ እሳት ቢነሳ ይደርሳል፣ ዓሣ ይረባበታል። ዓሣው ቀላል ነገር አይደለም፤ በጾም ሥጋ ክልክል ነው፣ ዓሣ ግን ይፈቀድ ነበር። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የእኛን ክርክር እዚህ ባልከፍተው ይሻላል።)

ሽንት ቤቱም ብዙ ጊዜ እዚያው ውሃ ላይ ነበር። አዎ፣ ዓሣው የሚረባበት ውሃ ላይ። የአርኪዮሎጂ ሰዎች ግን ይህን ጭቃ እንደ ወርቅ ነው የሚያዩት፤ አየር ስለማይገባው ሌላ ቦታ የሚበሰብሰው ሁሉ፣ ቆዳው፣ እንጨቱ፣ የፍራፍሬ ፍሬው፣ እዚያ ሳይበሰብስ ይቆያል። በርሚንግሃም ውስጥ ዊዮሊ ካስል በሚባለው በውሃ የተከበበ ቦታ በ1950ዎቹ ሲቆፍሩ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ማድ ቤት ግድግዳው ሳንቃ ሳይቀር አግኝተዋል። ችግሩ ባለቤቶቹ ጉድባውን በየጊዜው ይጠርጉት ነበር። ስለዚህ ብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭቃ ተዝቆ ማሳ ላይ ተበትኗል።

አይተም ሞትን ከ2010 ጀምሮ በአርኪዮሎጂ ባለሙያው በማቲው ጆንሰን የሚመራ የሳውዝሃምፕተንና የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን ሳይቆፍር፣ መሬቱን እየለካና ከሥሩ ያለውን በመሣሪያ እያየ ዙሪያውን አጥንቶታል። ቦዲያም፣ ስኮትኒና ኖል የሚባሉትን ሌሎች የድሮ ቤቶችም አብሮ አይቷል። እኔ ከዚህ ሥራ የወሰድኩት ቤትን ብቻውን ማየት ዋጋ እንደሌለው ነው፤ ኩሬው፣ መንገዱ፣ እርሻውና ሠራተኛው አብረው ካልታዩ ጉድባው ምን እንደሆነ አይገባም። ቤቱ ራሱ ደግሞ ከ1989 እስከ 2004 ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት እየተፈታ ተጠግኗል። ዋርካ የሚያህለውን የባሉጥ እንጨት ውስጡ ያለውን ቀለበት ቆጥረው ዛፉ መቼ እንደተቆረጠ ማወቃቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ስለ አጽሙ የጻፋችሁትንም ልንካው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግድግዳ ውስጥ የሴት አጽም ተገኘ፣ እሷም በ1605 ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈነዱ ያሴሩትን ያጋለጠችው ዶሮቲ ሰልቢ ናት፣ በበቀል ከነነፍሷ በግንብ ተዘጋባት ብላችኋል። ወይዘሮ ዶሮቲ የሞተችው በ1641 ነው፤ መታሰቢያዋም በአይተም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። ከሴራው በኋላ 36 ዓመት በግንብ ውስጥ አልኖረችም መቼም።

ከዚህ ተረት ይልቅ እውነተኛውን ታሪክ ብትጽፉት ደስ ይለኝ ነበር። በ1951 ቤቱ ለሽያጭ ቀረበ፣ ሊፈርስም ተቃርቦ ነበር። ሦስት የአካባቢው ሰዎች ገዝተው አቆዩት። ከዚያ በ1953 ቻርልስ ሄንሪ ሮቢንሰን የሚባል ከሜይን ግዛት የመጣ አሜሪካዊ ነጋዴ ገዛው። በመርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ ተጸጽቶ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ነበር፣ ቴምብር አጥቶ ሳይልከው ቀረ ይባላል። በ1985 ሲሞት ቤቱ ቅርስ ለሚጠብቀው ድርጅት ለናሽናል ትረስት ተላለፈ።

የፎቶውን መግለጫ ብታርሙት አመሰግናለሁ። እግረ መንገዴን፣ ግቢው መሐል ያለችውን የእንጨት ጎጆ «የዘብ ቤት» ማለታችሁም ልክ አይደለም። የውሻ ቤት ናት። ዳይዶ የምትባል ትልቅ ሴንት በርናርድ ውሻ ነበረቻቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለእሷ ተሠራች፤ ዛሬ እንደ ዋናው ቤት በአንደኛ ደረጃ ቅርስነት ተመዝግባለች።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን